ቤት ቁጥር አሥራ አራት

(ኮምቦልቻ፤ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ፣ የስድስተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል። በተገጣጠሙ ዴስኮች ላይ ተማሪዎቹ ከካርቶን የሠሯት ከተማ ተዘርግታለች፤ የክፍሉ መምህርት አስካለና የክፍሉ ተማሪ የነበረችው ልጇ ረምላ ከሁለት ወር በፊት የሞተችባት ዘሀራ ከተማዋን ከበው ቆመዋል።)

ዘሀራ፦ ስሟን ከዚህ ላይ አንሺልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን አንሺልኝና ልሂድ።

አስካለ፦ እትዬ ዘሀራ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ። በዚህ ፀሐይ ነው የመጡት።

ዘሀራ፦ ቁጭ ስል ነው የሚብሰኝ። መጽሐፎቿን አምጥቻለሁ። ስድስት ናቸው፣ ቁጠሪያቸው።

አስካለ፦ መጽሐፍ ማን ጠየቀዎት?

ዘሀራ፦ የመንግሥት ነው፤ ሌላ ልጅ ይማርበት። ይሄን ደብተር ግን እንዳትወስጂው። የኔ ነው።

አስካለ፦ ኧረ ይያዙት! ማን ይነካዋል? መታሰቢያ ይሆንዎታል።

ዘሀራ፦ የቱ ነው ቤቱ?

አስካለ፦ ያ፣ ከቦኖ ውሃው ጎን ያለው። ጣሪያው ሰማያዊ የሆነው፣ አሥራ አራት ቁጥር።

ዘሀራ፦ ትንሽ ነው።

አስካለ፦ የሁሉም እኩል ነው፣ የሳሙና ካርቶን። ከተማዋን ራሳቸው ናቸው የነደፏት፤ መንገዷን፣ ገበያዋን፣ ጤና ጣቢያዋን። ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቦኖው አጠገብ ካልሆንኩ ብለው ተጣሉ። በዕጣ ይሁን አልኩ።

ዘሀራ፦ የሞተ ሰው ዕጣ ውስጥ ይገባል?

አስካለ፦ ዕጣውን የጻፈችው እሷ ናት። ጽሑፏ ያምር የለ? የአርባ አንዱንም ተማሪ ስም ሐሙስ ዕለት ጽፋ፣ ጠቅልላ፣ በወተት ቆርቆሮ አድርጋ ሰጠችኝ። አርብ ቀረች።

ዘሀራ፦ አርብ ትኩሳት ጀመራት። ሰኞ ቀበርናት።

አስካለ፦ አውቃለሁ።

ዘሀራ፦ ታውቂያለሽ እንጂ። ድንኳኑ ውስጥ ከኔ በላይ ስታለቅሺ ነበር።

አስካለ፦ ከወር በኋላ ቆርቆሮውን ከፈትነው። የሷን ስም አስቀድሜ ማውጣት ነበረብኝ፣ ረሳሁት። አሥራ አራት ቁጥር ሲባል አንዷ ልጅ እጇን ሰዳ የሷን ስም አወጣች።

ዘሀራ፦ ያኔ ኪስሽ አትከቺውም ነበር?

አስካለ፦ እጄ እምቢ አለኝ።

ዘሀራ፦ ያንቺ እጅ እምቢ አለ፣ የኔ ደጅ በሰው ሞላ። ልጆቹ "ረምላ ቤት ደረሳት" እያሉ ሰፈሩን አዳረሱት። ጎረቤቴ የከድር ሚስት ኮንዶሚኒየም መስሏት እንኳን ደስ ያለሽ ብላ መጣች። ታከራዪዋለሽ ወይ አለችኝ።

አስካለ፦ ውይ! ምን አሏት?

ዘሀራ፦ ካርቶን ነው አልኳት። አለቀሰች። እሷን አባብዬ ሸኘሁ፣ ሌላዋ መጣች። እሷንም አባበልኩ። እኔ ወላሂ እንባዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሻይ አፈላለሁ፣ ሰው ይጠጣል፣ ይሄዳል፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። አንዳንዴ ያጠብኩትን መልሼ አጥበዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ወላጅ ሁሉ ይሄን ሊያይ ይመጣል አሉ።

አስካለ፦ አዎ፣ የወላጆች ቀን ነው።

ዘሀራ፦ እሱን ነው የምልሽ። አሁን ካልተነሳ ቅዳሜ እንደገና ልቅሶ ልቀመጥ ነው። አልችልም። አዝኜ እንዳይመስልሽ፤ ደክሞኝ ነው።

አስካለ፦ ልጆቹ እሺ አይሉኝም እኮ። የረምላ ስም ተነሳ ብለው ያኮርፋሉ።

ዘሀራ፦ ያኩርፉ። የምሳ ደወል ሲደወል ይረሱታል።

አስካለ፦ እንደዚያ አይበሉ። ጠዋት ጠዋት የቤቷን አቧራ የሚያራግፉላት እነሱ ናቸው።

ዘሀራ፦ ይቺ ምንድን ናት? መናኸሪያው ጋ ብቻዋን የተቀመጠችው።

አስካለ፦ እሷማ ሰው ናት። ሁሉም የየራሱን ሰው ከክብሪት እንጨት ሠርቷል።

ዘሀራ፦ ሌሎቹ በየደጃቸው ናቸው። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ማንን ትጠብቃለች?

አስካለ፦ አዲስ ተማሪ ናት፣ ከሐርቡ የተዛወረች። ስትመጣ ዕጣው አልቆ ነበር። ለጊዜው መናኸሪያ ትሁን ተባለ።

ዘሀራ፦ ስንት ቀን ሆናት?

አስካለ፦ አሥራ አንድ።

ዘሀራ፦ አሥራ አንድ ቀን መናኸሪያ? ዘበኛው አላባረራትም?

አስካለ፦ ዘበኛ አልሠሩም።

ዘሀራ፦ ታዲያ አንድ ቤት አትጨምሩላትም? የሳሙና ካርቶን ጠፍቶ ነው?

አስካለ፦ ቦታ የለም። እዚህ ጋ ወንዙ ነው፣ ያ ገበያው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ዴስኩ ያልቃል። ልጆቹም…

ዘሀራ፦ ልጆቹም ምን?

አስካለ፦ አሥራ አራት ቁጥር ትግባ ብለው ነበር።

ዘሀራ፦ እነማን?

አስካለ፦ ልጆቹ። በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ሁሉም እጃቸውን አውጥተው።

ዘሀራ፦ አሁን ያኮርፋሉ ስትዪኝ አልነበረም እንዴ?

አስካለ፦ ብዬ ነበር።

ዘሀራ፦ መምህርት፣ እምቢ ያለው ማን ነው?

አስካለ፦ እኔ ነኝ። አቧራዋንም የማራግፈው እኔ ነኝ። ልጅቷ የምትቀመጠው የረምላ ቦታ ላይ ነው፤ እሱን አልከለከልኩም፣ ሌላ ወንበር የለማ። ስም ስጠራ ረምላን እዘላታለሁ፣ ከመዝገቡ ግን አልሰረዝኳትም። ይሄንን ወረቀት ካነሳሁ የሚቀረኝ ነገር የለም። ዋሸሁዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።

ዘሀራ፦ አልተቀየምኩሽም። ለመቀየምም አቅም የለኝ።

አስካለ፦ አንሥቼ እሰጥዎታለሁ። ይኸው… ሙጫው ይዞታል።

ዘሀራ፦ ቀስ በይ፣ እንዳይቀደድ። ቆይ እስቲ። የዚህኛውስ በር ጽሑፍ የሷ አይደለም?

አስካለ፦ የሁሉም የሷ ነው። ዕጣው ራሱ ነው በየበሩ የተለጠፈው።

ዘሀራ፦ የዚያም? ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለውም?

አስካለ፦ አርባ አንዱም።

ዘሀራ፦ እኔ የሷ ጽሑፍ ያለው እዚህ በር ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንግዲያው አንሺው። ያቺንም ልጅ ከመናኸሪያ አስገቢያት።

አስካለ፦ የልጅቷን ስም ማን ይጽፈዋል? እኔ ብጽፈው ያስታውቃል። ቅዳሜ አባቷ ሲመጣ ከሁሉም በር የሷ ብቻ ተለይቶ ሊታየው ነው።

ዘሀራ፦ እስክሪብቶ አምጪ።

አስካለ፦ እርስዎ? አምና ካርድ ሲወስዱ በጣት አልነበር እንዴ የፈረሙት?

ዘሀራ፦ ያ አምና ነው። ደብተሩ የኔ ነው አላልኩሽም? ግለጪው። ከላይ ያለው የሷ ነው፣ ከሥሩ የኔ። ከፋብሪካ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊደል ልታስጽፈኝ ታስቀምጠኝ ነበር። ስሳሳት ልክ እንዳንቺ ትቆጣለች።

አስካለ፦ እትዬ ዘሀራ… እኔ እኮ መለየት አቃተኝ።

ዘሀራ፦ ከሥሩ ያለው አልኩሽ። የልጅቷ ስም ማን ነው?

አስካለ፦ ፈትያ።

ዘሀራ፦ ሐሙስ ዕለት "ፀ"ን ጨረስን። "ፈ" የአርብ ነበር። እስቲ አንቺ አሳዪኝ።