በባዶው ፒራሚድ ሥር ለሚያርፉት ለለሳኙ ኢያሰን

አሸዋውን አቋርጣችሁ አጎቴን ለመሸኘት የመጣችሁ ወገኖች፣ የኢያሰን የሕይወት ጉዞ እንዲህ ነበር።

ኢያሰን ፒራሚድ ማለት እንደ ደረጃ የተደራረበ ግንብ በነበረበት ዘመን፣ በነጩ ቅጥር ከተማ ዳር፣ ከጀሶ አቃጣዩ ከአባታቸው ከሰነኑና ከእናታቸው ከኢንቲ ተወለዱ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጡም፤ ያደጉት ከአባታቸው ምድጃ አጠገብ፣ ጀሶ እያቦኩ ነው። ለአቅመ አዳም ሲደርሱም ለሠራተኞች ዳቦ ትጋግር የነበረችውን ኸኑትን አግብተው አራት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱን ቀበሩ።

ንጉሡ ከሥሩ እስከ ጫፉ ልሙጥ የሆነ ፒራሚድ ይሠራልኝ ባሉ ጊዜ ከዚያ በፊት ማንም ሞክሮት ስለማያውቅ አዋቂ የተባለው ሁሉ በግምት ይሠራ ነበር፤ ግንቡም ከፍ እያለ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ጠጠር ሰመጠና የውስጥ ክፍሎቹ ተሰነጠቁ። ኢያሰን ለሥራው አለቃ ለመሩካ «ጌታዬ፣ ትናንት የለሰንኩት ዛሬ አፉን ከፍቷል» ቢሏቸው፣ «አንተ ለስን፣ አታውራ! አፍህን ከያዝክ ከንጉሡ እግር ሥር መቃብር አሰጥሃለሁ» አሏቸው። ከንጉሥ እግር ሥር የተቀበረ ለዘላለም ከንጉሡ ማዕድ ይቋደሳልና፣ አጎቴ አፋቸውን ይዘው ለሰኑ።

ልስኑ አላዋጣም። ክፍሎቹ በአርዘ ሊባኖስ ግንድ ተደገፉ፤ ክብደቱ እንዲቀንስም የላይኛው ጎን ተዳፋትነቱ እንዲለዝብ ተደረገ። ጓደኞቻቸውም «ኢያሰን፣ ግንብህ ጎበጠ እኮ! በል እሱንም ለስነው!» እያሉ ሳቁባቸው። በመጨረሻም ንጉሡ በስተሰሜን ሌላ ፒራሚድ አሠርተው «የምቀበረው እዚያ ነው» አሉ፤ ካህናቱም፣ ዳቦውም፣ ጠላውም ወደዚያው ዞረ። ኢያሰን ቦታ እንዲቀየርላቸው ደጅ ቢጠኑ፣ መሩካ «ቃሌን መቼ አጠፍኩ? ቦታህ ያው አለልህ» ብለው አሰናበቷቸው። መሩካ ግን የራሳቸውን መቃብር ሰሜን አስቆፍረዋል።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን የማጉትን የጀሶ ብናኝ ሲያስሉ ኖረው፣ ወንዙ ሞልቶ በጎደለ ማግስት አረፉ። ሊያሸልቡ ሲሉ እንኳ «የሰሜኑስ ተሰነጠቀ?» ብለው ጠይቀው ነበር። አልተሰነጠቀም።

ባለቤታቸው ኸኑት፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እህታቸው እናቴና እኛ ቀርተናል። የምዕራቡ የሙታን አገር ጌታ አኑቢስ መንገዳቸውን ያቅናላቸው፣ ነፍሳቸውንም ያሳርፍ። የንጉሡ ካህን እዚህ ድርሽ አይልም፤ በየበዓሉ ዳቦና ጠላ የምናመጣላቸው እኛው ነን፤ እኛ ስማቸውን ካልጠራን ማንም አይጠራውም። ስለዚህ አፈር ሳይለብሱ ሁላችሁም «ኢያሰን!» በሉ፤ ጮክ ብላችሁ፣ ሰሜን ድረስ እንዲሰማ።