ዘጠና ላይ የፈላው ውሃ

(አንድ ደጋ ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ እንግዳወርቅ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስክሪብቶ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ዘርትሁን ቢገፉም፣ እሷ ሃያ አራት ቴርሞሜትር የያዘ ካርቶን እንደታቀፈች ቆማለች።)

እንግዳወርቅ፦ እኔ ፈርሜያለሁ፤ የሒሳብ ሹሙም ፈርሟል። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እዚህ ጋ።

ዘርትሁን፦ አየሁት። አልፈርምም።

እንግዳወርቅ፦ ኧረ በፈጠረሽ! ነገ ኮሚቴው ይበተናል። የተበላሸ ቴርሞሜትር እንደ ሕፃን አቅፎ መቆም ምን ይሉታል?

ዘርትሁን፦ ማን አለ ተበላሸ?

እንግዳወርቅ፦ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክረናቸው ዘጠና ላይ ቀጥ አሉ! ሃያ አራቱም! አንቺም ቆመሽ አይተሻል። ውሃ መቶ ላይ እንደሚፈላ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል።

ዘርትሁን፦ ሃያ አራቱ ተማክረው ነው የዋሹት? አንዱ ሰማንያ፣ አንዱ ዘጠና አምስት ቢል እኔም ተበላሸ እል ነበር። ሁሉም አንድ ቃል ሲናገሩ ግን ቆም ብሎ መስማት አይሻልም?

እንግዳወርቅ፦ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ነዋ! ሲበላሽም አብሮ ነው።

ዘርትሁን፦ የዛሬ ሦስት ዓመት እንዲሁ ተበላሹ ብለን የሰባበርናቸውስ? እነሱ የሌላ ፋብሪካ ነበሩ። እነሱም ዘጠና ነበር ያሉት። በነሱ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ "የተበላሸ ዕቃ ሳታረጋግጥ ተረክባለች" ተብሎ። ደብዳቤው ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት ጋሼ።

እንግዳወርቅ፦ ደንቡ ነው ያስፈረመኝ።

ዘርትሁን፦ ዛሬ "አዎ ተበላሽቷል" ብዬ ከፈረምኩ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ ከሥራ ያሰናብታል። በገዛ እጄ ስንብቴን ልፈርም?

እንግዳወርቅ፦ እሱን ለኔ ተዪው። ቀለል አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ዘርትሁን፦ ቀለል ያለ ስንብት አለ እንዴ?

እንግዳወርቅ፦ አይ አፍሽ! ቆይ፣ እሳቱ አንሶ ነው እንበል። ደስ እንዲልሽ ቡታጋዙን ጨምረን እንደገና እንሞክረው?

ዘርትሁን፦ ሞክሬዋለሁ። ትናንት ጠዋት ቡታጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ቆምኩበት። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ጎደለ እንጂ ዘጠናን አላለፈም። የጨመርኩት እሳት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ሲለውጥ ነው ያለቀው። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም።

እንግዳወርቅ፦ አንቺ ዕቃ ቆጣሪ ነሽ። ይሄን ማን አስተማረሽ?

ዘርትሁን፦ መጋዘን ውስጥ የተጣለ የኬሚስትሪ መጽሐፍ። እርስዎ ሲያስተምሩ "ፈተና ላይ አይመጣም" ብለው የሚዘሉት ገጽ ላይ አንድ ሥዕል አለ።

እንግዳወርቅ፦ የቱ ሥዕል?

ዘርትሁን፦ በሦስት የተከፈለው። ወደ ጎን ሙቀት፣ ወደ ላይ ግፊት። በረዶ በግራ፣ ውሃ ከላይ መሐል፣ እንፋሎት በቀኝ ከታች። ውሃውና እንፋሎቱ የሚዋሰኑበት መስመር ላይ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋም። መፍላት ማለት እዚያ መስመር ላይ መድረስ ነው። መስመሩ ደግሞ ያዘመመ ነው ጋሼ። ግፊቱ ሲቀንስ በትንሽ ሙቀት ይደረስበታል።

እንግዳወርቅ፦ መጽሐፉ እኮ መቶ ነው የሚለው! በደማቁ ተጽፏል!

ዘርትሁን፦ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውንም ያንብቡት። "በባሕር ጠለል ላይ" ይላል። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ላይ ነን። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ የሚጫነው ሲቀልለት ውሃው ዘጠና ላይ ይፈላል።

እንግዳወርቅ፦ ዕቃ በወሬ አይጠገንም።

ዘርትሁን፦ እሺ፣ ከተበላሹ በረዶ ላይ ለምን አልተሳሳቱም? በውርጩ ሰሞን ሳፋ ሙሉ ውሃ ደጅ አሳደርኩ። ጠዋት በረዶውን ከስክሼ፣ መቅለጥ ሲጀምር ነከርኳቸው። ሃያ አራቱም ዜሮ! በረዶና ውሃ የሚዋሰኑበት መስመር ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ደጋ ወጣን ቆላ ወረድን ደንታ የለውም።

እንግዳወርቅ፦ ከእግሩ ደህና ሆኖ ከራሱ የተበላሸ ስንት አለ!

ዘርትሁን፦ ሰው ከሆነ እውነትዎን ነው። እንግዲያው ይሄንንም ይስሙኝ። ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ሁለቱን ቴርሞሜትር በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣቸው ሄድኩ።

እንግዳወርቅ፦ የመንግሥት ንብረት ይዘሽ ክርስትና ሄድሽ?!

ዘርትሁን፦ የወጪ ደረሰኝ ቆርጬ፣ ራሴ ፈርሜ። ለድግሱ የተጣደው ውሃ ሲፈላ ነከርኳቸው። ዘጠና ስድስት! ሁለቱም! ሰኞ እዚህ ተመልሼ ለካሁ፤ ዘጠና። ቆላ ሲወርድ የሚድን፣ ደጋ ሲወጣ የሚታመም ቴርሞሜትር አይተው ያውቃሉ?

እንግዳወርቅ፦ ማን አየልሽ?

ዘርትሁን፦ የድግሱ ሰው ሁሉ፤ ቄሱ ሳይቀሩ። ባለቤትዎስ ከቆላ መጥተው እዚህ ከገቡ ጀምሮ "የዚህ አገር ባቄላ አይበስልም" እያሉ የሚያማርሩት በምን ምክንያት ይመስልዎታል? ባቄላው ምንም አልሆነ፤ የተቀቀለበት ውሃ ነው ከዘጠና ማለፍ ያቃተው።

እንግዳወርቅ፦ ባለቤቴን ከዚህ አውጪያት! ለማንኛውም አዲስ ቴርሞሜትር ተጠይቋል። ይመጣል፣ ነገሩም ይረሳል።

ዘርትሁን፦ አዲሶቹም መጥተው ዘጠና ይላሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ልንሰብር ነው? እነሱን የምትረከበዋም ሴት ማስጠንቀቂያ ይጠብቃታል።

እንግዳወርቅ፦ ስሚኝ ዘርትሁን። እውነትሽን ነው እንበል። ያለፈው ካርቶን ምን ሊባል ነው? ደህናውን ዕቃ ድንጋይ ላይ ያስወቀጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ መቶ እያልኩ የጻፍኩትስ? ተነሥቼ "ተሳስቼ ነበር" ልበል?

ዘርትሁን፦ ቢሉ ምን ነበረበት? ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ውሃ አፍሉና የለካችሁትን ጻፉ አሉን። ዘጠና ብዬ ጻፍኩ። "ዓይን የለሽም?" ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁብኝ።

እንግዳወርቅ፦ አላስታውስም።

ዘርትሁን፦ እኔ አልረሳሁም። ዘጠናውን ሰርዤ መቶ ጻፍኩ። በዓይኔ ያየሁትን በእጄ ሰረዝኩት! እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የእርስዎ ስድብ እንዳይመስልዎት፤ መሰረዜ ነው። ሁለተኛ አልሰርዝም።

እንግዳወርቅ፦ ስለዚህ እኔን ልታዋርጂ ተነሥተሻል።

ዘርትሁን፦ ላዋርድዎ ብፈልግ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ ተማሪው ፊት እናገረው ነበር። በርዎን ዘግቼ ነው የነገርኩዎት።

እንግዳወርቅ፦ እኔም ልንገርሽ። ካልፈረምሽ "ሥራ ያደናቀፈች" ብዬ እጽፍብሻለሁ። እሱም ያው ስንብት ነው።

ዘርትሁን፦ እንዲያማ ከሆነ እፈርማለሁ። እስክሪብቶውን ያምጡት።

እንግዳወርቅ፦ እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጽሑፍ? ፊርማ አንዲት ጭረት አይደለችም እንዴ?

ዘርትሁን፦ በልዩነት ነው የምፈርመው። ያልተስማማ አባል ሐሳቡን ጽፎ መፈረም መብቱ ነው፤ ደንቡ ያውቀዋል። ላንብብልዎ። "ዕቃዎቹ ደህና ናቸው። በዚህ ከተማ ውሃ ዘጠና ላይ ይፈላል። የዛሬ ሦስት ዓመት የተሰበሩትም ደህና ነበሩ።" ስሜ፣ ፊርማዬ፣ ቀኑ።

እንግዳወርቅ፦ አምጪው! ገጹን ቀድጄ ሌላ እንጽፋለን።

ዘርትሁን፦ ገጹ ቁጥር አለው። ማኅተሙንም ጠዋት እርስዎ ራስዎ አሳርፈውበታል።

እንግዳወርቅ፦ በልዩነት የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ወረዳ ነው የሚሄደው! አጣሪ ይመጣብናል እኮ!

ዘርትሁን፦ ይምጣ። አጣሪው ሲመጣ እኔ ውሃ እጥዳለሁ፤ እርስዎ ምን ይጥዳሉ?