የተኛውን በሽታ ላለመቀስቀስ

ዳንግላ ላይ ልጇ ያለፈለት እናት በእግሯ ስትሄድ ታይታ እንደሆነ ወዮላት! «ልጇ ጣላት» ይባላል። ወይዘሮ ሽታዬም ይህን ያውቃሉና፣ ልጃቸው አዝመራው እህል ነግዶ ከቀናው ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለቅሶ ሲሄዱ ከጋሪ ወርደው አያውቁም። በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ጧት ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እንጅባራ ላይ ነርስ ሆና የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ እንቁ፣ ነጠላዋን አሸርጣ በጥድፊያ ስትራመድ አዩና ክው አሉ።

«ቁም፣ ቁም ቢሻው!» አሉ ባለጋሪውን። «እንቁዬ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ! እንዴት አደሩ? ለጤናዬ ብዬ ነው የምራመደው።»

«ለጤናሽ? ወይ ጉድ! ነይ ጋሪው ላይ ውጪ፣ ሰው ቢያይሽ ለጋሪ የሚከፍልላት አጣች ይላል።»

እንቁ ሳቀችና ከጋሪው ጎን ጎን ትሄድ ጀመር፤ ቢሻውም ፈረሱን ቀስ አስኬደላት። «እርስዎስ ትንሽ ወርደው አብረን ብንራመድ?» አለች።

የወይዘሮ ሽታዬ ፊት ጠቆረ። ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረማ! ታላቅ እህታቸው ውዱ በጡት ካንሰር ከሞተች ወዲህ፣ ያ በሽታ በእሳቸውም ደረት ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። ሰውነቴን ካልነቀነቅሁት አይነቃም ብለው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል። የሚወዱትን የሁዳዴ ስግደት እንኳ ትተው፣ ሌላው ሲወድቅ ሲነሣ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ሰውን በቁሙ ያስራል። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለእንቁ ግን፣ ውዱን ስታስታምም ስላዩአት ይሆናል፣ አወጡት።

«የተኛ በሽታ አይቀሰቀስም ልጄ። ውዱን በላት፤ እኔንም ይጠብቀኛል። ብንቀሳቀስ ይነሣብኛል።»

«ይህን ማን ነገረዎት እትዬ?»

«ማን ይነግረኛል! ቁስል ሲነካኩት አይደል የሚያመረቅዘው?»

«ይሄ ግን ቁስል አይደለም። ሆርሞን የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነታችን ራሱ ሠርቶ በደም የሚልከው፣ አንዱን ክፍል እደግ፣ ሌላውን ተው የሚል መልእክተኛ በሉት። ከሴት ሆርሞኖች አንዱ ኢስትሮጅን ነው፤ ጡት እንዲያድግ የሚያደርገው እሱ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ በብዛት የሚሠራው የት ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ስብ ውስጥ ነው። ስቡ ሲበዛ ኢስትሮጅኑም ይበዛል፤ እሱ ሲበዛ ደግሞ የጡትን ሴሎች ተባዙ፣ ተባዙ እያለ ይገፋፋቸዋል። ካንሰር ማለት ሴል ከልክ አልፎ ሲባዛ ነው። እንቅስቃሴ ስቡንም ሆርሞኑንም ይቀንሳል። መቀመጥዎ በሽታውን አያስተኛውም፤ እንዲያውም ይመቸዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ገበያዬን ልትዘጊው ነው እንዴ?» አለ ቢሻው።

«ዝም በል አንተ!» አሉት። መስማት ፈልገዋል።

ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አልነበሩም። «እሺ፣ ውዱስ? ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ እንጨት ተሸክማ ስትወጣ ስትወርድ የኖረች፣ አጥንቷ የሚቆጠር ሴት አልነበረችም? በመራመድ ከሆነ እሷን ማን ያህላት ነበር? ለምን ሞተችብኝ?» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

የተማረ ሰው ሁሉን አውቃለሁ ሲል ይስታል፤ እንቁ ግን እንዲህ አላለችም።

«ለምን እሷን እንደያዛት አላውቅም። መራመድ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም፤ ዋስ አልሆንዎትም። ግን እትዬ ውዱ እብጠቱን ያገኙት ጊዜ ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም። እኔ እንኳ የሰማሁት ቆስሎ ሽታው ከወጣ በኋላ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እህትዎ ስለታመሙ እርስዎ ከሌላው ሴት ይበልጥ መጠንቀቅ አለብዎት። ጡትዎን ዳሰው ያውቃሉ?»

«እግዚኦ! እጄንም አላስጠጋው።»

«ያ ፍርሃት ነው እንግዲህ እትዬ ውዱንም የጎዳ። ይራመዱ፤ ይመርመሩም።»

ወይዘሮ ሽታዬ የቢሻውን ትከሻ ነካ አድርገው «አውርደኝ» አሉ። ጥቂት እንደሄዱ ደረታቸውን ያዙ።

«መታኝ! ተነሣብኝ መሰለኝ!»

«ልብዎ ነው እትዬ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።»

ወዲያው አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ሲጢጥ ብሎ ቆመና አዝመራው ዘሎ ወረደ። «እማዬ! ጋሪው ተሰበረ እንዴ? ኧረ ሰው ምን ይላል!»

«ይበል! ሰው እንደሆነ ሲቀብረኝም ማውራቱን አይተው። ነገ እንጅባራ ትወስደኛለህ፤ ጡቴን ልታይ ነው።»

አዝመራው በሀፍረት ዙሪያውን ቃኘ። «እማዬ፣ በመንገድ ላይ!»

«ምን ያሳፍርሃል? አንተው የጠባኸው አይደል?»

ቢሻው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘም፤ እየተመላለሱ ይታዩ አላቸው። ወይዘሮ ሽታዬም ጧት ጧት ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ መራመዱን ያዙት። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ከፍ ይል የነበረው የደም ግፊታቸው ረገብ አለ፤ በቀጣዩ ሁዳዴም ከሰጋጆቹ ጋር ወድቀው ተነሡ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማኅበራቸው ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ መከተላቸው ነው። አብሮ የሚራመድ ሰው ደግሞ በቤቱ የሚደብቀውን መንገድ ላይ ያወራል።

አንድ ጧት ምህረቴ የምትባለው ጎረቤታቸው ከሌሎቹ ወደ ኋላ ጎተተቻቸው።

«እትዬ ሽታዬ፣ ጡቴ ላይ አንድ ጠጣር ነገር አገኘሁ። ለባሌም አልነገርኩ።»

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ትናንት።»

ወይዘሮ ሽታዬ እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙና ወደ እንጅባራ የሚሄደው ሚኒባስ ወደሚቆምበት አዞሯት። «ትናንት ከሆነማ ገና አልረፈደም፤ እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ተናገርሽ!»