ላይ ወንበር የተቀመጡት

ከጎባ ወደ ሮቤ የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል አቶ ከሊል ደረሱ። ሾፌሩ ሲያያቸው ጋቢና ተቀምጣ የነበረችውን ተማሪ ወደ ኋላ አዛውሮ ቦታውን ለቀቀላቸው። ለምደውታል፤ የባላባት ልጅ ናቸው። አያታቸው ግራዝማች በንጉሡ ዘመን ከመኳንንቱ ጋር ተሹመው አዲስ አበባ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀምጠዋል። አምና የሮቤ ነጋዴዎች የገበያ ሸንጎ ሲያቋቁሙም አቶ ከሊል በዚሁ ስም ነው ሳይመረጡ የገቡት። ሸንጎው ታች ወንበርና ላይ ወንበር አለው። ታች የሚቀመጡት ነጋዴው የመረጣቸው ናቸው፤ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በዘራቸው ክብር የተጠሩ ሦስት ሽማግሌዎች። ታች የወሰነውን ላይ ወንበር፣ ሁለቱ ከተስማሙ፣ “ይታይ” ብሎ መመለስ ይችላል።

ማክሰኞ ዕለት ታች ወንበር የሽንኩርት ሻጮቹ መደብ ለጭነት መኪና ማቆሚያ እንዲሆን፣ ሴቶቹም ከጋሪ ተራ ጀርባ ወዳለው ረግረግ እንዲሄዱ ወሰነ። ከላይ ወንበር አንዱ ደገፉ፣ አንዱ ተቃወሙ። ሦስተኛው አቶ ከሊል ነበሩ። ምንም አላሉም። ውሳኔውም ጸና።

መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሰሙ። ሃጂራ ናት፤ ሃያ ዓመት በዚያ መደብ ሽንኩርት የሸጠች። አጠገቧ የመደብ ጎረቤቷ ሸዋርጋ ተቀምጣለች።

“አካም ጅርታ ሸዌ? ቤተሰቡስ? የጎባ ብርድ ዘንድሮ ቆዳ ይልጣል እኮ! ደግሞ ስንዴውን እይው፣ ማሻአላህ... ያኛው እንዴት ቀጥ ብሎ እንደቆመ! ገበሬዎቹ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ፍሬ የያዘው አንገቱን ይደፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ባዶው ነው። እኔ እንግዲህ ስለ ስንዴ ነው የማወራው...”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ከሊል ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ታወቃቸው። ቢያጎነብሱ ይብሳል።

“ስለ ትልቅ ሰው ካነሳን አይቀር... አነሳን እንዴ? ይሁና። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ክብራቸው ወላሂ ለሰፈር ይበቃል። አያታቸው አዲስ አበባ ከመኳንንቱ ጋር ስንት ዓመት ተቀመጡ መሰለሽ? አሥራ አንድ ዓመት! በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም አሉ። ደግ ቃልም አልወጣቸውም፤ ያው አልተናገሩም። ይሄ ቀላል ነገር ነው? እኔና አንቺ አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት አቅቶን! ሰውየው ታዲያ አያታቸውን አላሳፈሩም። ከግራዝማችነቱ እንኳ አዝማቹ በዘመን ብዛት ቢወድቅ፣ ግራው ሳይጎድል ደርሷቸዋል...”

አሁን ሳቁን በሳል የሸፈነ አልነበረም፤ በግልጽ ሳቁ። ሾፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ከንፈሩን ነከሰ።

አቶ ከሊል አንገታቸው እስኪግል ተቆጡ። ዞር ብለው “አንቺ ሴት!” ሊሉ ዳዳቸው። ግን ማን ስማቸውን ጠራ? ዞር ካሉ ራሳቸውን ጠሩ ማለት ነው። ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ።

“ደግሞ አስተዋይ ናቸው። ሸንጎ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያስቡት። ጠልቀው ሲያስቡ ትንሽ ያንኮራፋሉ ይላሉ... ምቀኛ ነው የሚለው፣ አትስሚ! ዝምታ ወርቅ ነው አይደል? እንግዲያው ሳናውቅ ከባለ ወርቅ ጋር ኖሯል የምንኖረው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እውነት ነው፣ አልገባም። የእኛም ነገር አልወጣም።”

ይህ ወጋቸው። አልተኙም ነበርና። ሰኞ ዕለት ስምንት ሴቶች፣ ሃጂራም ከነሱ ጋር፣ ቤታቸው ድረስ መጥተው ነበር። “ጉዳዩን ለእኔ ተዉት” ብለው ሸኟቸው፤ ከልባቸው ነበር። “ይታይ” የምትለዋን ቃል በትንሽ ወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። ሁሉም ዞሮ አያቸው። “ለምን ይታይ?” ብለው ቢጠይቋቸውስ? የሚመልሱት አልነበራቸውም፤ የውሳኔውን ወረቀት አንብበውት አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተናገሩ ቀን ባዶነታቸው እንዳይታወቅ ነበር የፈሩት።

“እኔማ አልቀየምም” አለች ሃጂራ፣ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከር ብሎ። “ዛሬ አይደል አዲሱ ቦታ የምንጀምረው? ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ምን አለበት? ሽንኩርቱ ቢበሰብስ መሬት ላይ ነው፣ ከመሬት ነው የመጣው። እኛም ታች የተፈጠርን ነን። ከላይ ሆኖ ላየን ደግሞ፣ ሸዌ... ከከፍታ ላይ ሰውና ሽንኩርት በምን ይለያል? ሁለቱም ሲላጡ ያስለቅሳሉ እንጂ አያለቅሱም።”

በመኪናው ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

ሮቤ መናኸሪያ ደረሱ። አቶ ከሊል የበሩን እጀታ ያዙ፤ ሌላው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ወረቀት ነካች። አሁን ዞር ብለው “ይቅር በይኝ” ቢሉስ? ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰች። እዚያው ቀረች።

ሃጂራ ግን ሳትወርድ ሁለት እጇን ለዱዓ ዘረጋች። ዱዓ ሲደረግ እጅ አለመዘርጋት ነውር ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዘረጋ። ሸዋርጋም ዘረጋች። አቶ ከሊልም ፊታቸውን ወደ መስታወቱ እንዳዞሩ መዳፋቸውን ከፈቱ።

“ለዚያ ለማውቃቸው ሰው አላህ ጤና ይስጣቸው።”

“አሚን” አሉ ሁሉም። አቶ ከሊልም አሉ።

“ክብራቸውን አይቀንስባቸው፤ ዘራቸውን ያብዛው።”

“አሚን።”

ሃጂራ ድምጿን ማር አደረገችው። “በዚያች በጭንቅ ቀን፣ ጌታቸው ፊት ብቻቸውን ሲቆሙ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ጠበቃ ከጎናቸው አያሳጣቸው።”