ለዘይት የተዘፈነው

ዘይት ለሚጨምቁ ሴቶች የሰሊጥ ዘይት ማጣሪያ ላሳይ ነጌሌ ሄጄ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳውን ማጣሪያ ገጥሜ፣ ሴቶቹ እያዩኝ አንድ ጆግ ሙሉ ዘይት ገለበጥኩበት። ማጣሪያው ጠጥቶት ዝም! ጠብ የሚል ነገር የለም። አፌ ግን አላረፈም፤ ስለ ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንነት ማብራራቴን ቀጠልኩ።

እማማ ሎኮ የሚባሉ የዚያው የሊበን አካባቢ ሴት፣ «ልጄ፣ እኛ ከጉድጓድ ውሃ ስንቀዳ እንዘፍናለን። ለዘይቱ ለምን አይዘፈንለትም?» አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው ማጣሪያውን ከነዘይቱ አንስተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡና በኦሮምኛ ዘፈናቸውን ለቀቁት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ዘፈኑ ሳያልቅ ዘይቱ መውረድ ጀመረ።

«እማማ፣ ያወረደው እኮ ዘፈኑ አይደለም! ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል» ብዬ ተንጠራራሁ።

«ፀሐይ ላይ ያወጣሁት ለምን ይመስልሃል ታዲያ?» አሉኝ። «የዘፈንኩትማ አንተ ዝም እንድትል ነው።»