አቶ ኦሪን ሐኪም ሲመርጡ

በአሜሪካ፣ በሜን ግዛት የባሕር ጠረፍ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አቶ ኦሪን ታፕሊ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት መርጠው፣ ሐሙስ በጠዋት ወደ ገበሬዎች አዳራሽ ገቡ። በነሐሴ መጨረሻ ለእሳት አደጋ ቡድኑ ተብሎ የሚሸጠው አሮጌ ዕቃ የሚከማቸው እዚያ ነው። እርሳቸውም አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያ ጨረታ አጫራች ሆነው ኖረዋል። ዘንድሮ ጨረታው ሊደርስ አራት ሳምንት ቀርቶታል፤ እርሳቸው ግን አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ነው የመጡት።

አዳራሹ ባዶ መስሏቸው ነበር። ከተደረደሩት ወንበሮች ኋላ ግን ዴሊያ ሃስኬል ብቅ አለች። የሟቿ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ተምራ ነርስ ሆናለች፤ የእናቷን ኮመዲኖ ለጨረታው ልታስረክብ መምጣቷ ነበር።

«አጎቴ ኦሪን፣ ምነው ጠፉ? ቅዳሜ በመንደሩ የባቄላ እራት ግብዣ ላይ ወንበርዎ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ አኩርፈው ነው ይላል።»

«ጥርሴን ነው» አሉ ከመሐረቡ ሥር።

«ጥርሱን የታመመ ሰው አንድ ዓይኑ ብቻ አይቀላም። እስቲ ያውርዱት።»

ከዚህች ልጅ ጋር መከራከር ከድሮም ከባድ ነው። አወረዱት። የፊታቸው ግራ ጎን ወርዷል፤ የከንፈራቸው ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ የግራ ዓይናቸው አልከደን ብሎ ያለቅሳል። ለሌላው ሰው ይህ የመልክ ጉዳይ ነው። ለአጫራች ግን አፉ ማለት ለገበሬ በሬው ማለት ነው፤ አቶ ኦሪንም ስድስት ቀን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆመው ቁጥር ለመጥራት ሞክረው፣ ከከንፈራቸው የወጣው ምራቅ ብቻ ስለነበር አፍረው ተደብቀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

«ንፋስ ነው የመታኝ» አሉ። «የመኪናዬን መስኮት ከፍቼ ስነዳ።»

«ሆስፒታልስ ሄደዋል? ፊት በድንገት ሲወርድ ስትሮክም ሊሆን ይችላል እኮ፤ አንድ ሰዓት እንኳ የሚቆዩበት ነገር አይደለም።»

«እህቴ ያኑ ዕለት ወሰደችኝ። አንጎሌን አዩት፤ ደህና ነው አሉ። ደም ቀዱና ማክሰኞ የእኛው ዶክተር ናዶ ጠርቶኝ ላይም የሚባል በሽታ ነው፣ ከመዥገር የመጣ ነው አለኝ። እኔ ግን መዥገር አላየሁም። ያላየሁትን ነገር እንዴት ነው የምቀበለው?»

«ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ መዥገር መች ትታያለች? ሰኔ ላይ የት የት ነበሩ?»

አሰቡ። አንዲት አሮጊት ሞታ፣ ወንበርና አልጋዋን ለጨረታው ብለው ጉልበት በሚደርስ ሣር መሐል ተሸክመው ሲያወጡ ሰንብተዋል። ከዚያም ከጉልበታቸው በስተኋላ መዳፍ የሚያህል ቀይ ነገር ወጥቶ፣ ሳያሳክካቸው እየሰፋ ሄዶ ጠፍቷል። ሸረሪት ነው ብለው ትተውት ነበር። ይህንን ሲነግሯት ዴሊያ «ይኸው የመዥገሯ ምልክት» ብላ እጇን ዘረጋች።

«እሺ፣ መድኃኒቱስ?» አለች።

አቶ ኦሪን ከኮታቸው ኪስ አንድ የወረቀት ከረጢት አወጡ። አፉ እንደተዘጋ ነው።

«ማክሰኞ የተሰጠዎት ሐሙስም እንደታሸገ ነው?»

«አዳምጪኝ» አሉ አቶ ኦሪን። «ናዶ የሰጠኝ የሦስት ሳምንት ክኒን ነው። ክኒን! የአንድ የተሰበረ ወንበር ዋጋ እንኳ አያወጣም። እድናለሁ ወይ ስለው፣ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ፊቱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚመለሰው፣ ድካምም ሊቆይብህ ይችላል አለኝ። ይሄ ሐኪም ነው? አንድ ዘመዴ ደግሞ ደቡብ ያለ የግል ክሊኒክ ነገረኝ። ስድስት ወር በደም ሥር መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ፍጹም ትድናለህ ብለው ቃል ይገባሉ፤ የራሳቸው ምርመራ አላቸው። ውድ ነው፤ ግን ሰው ለማይረባ ዕቃ ከፍ አድርጎ አይጫረትም። አርባ አንድ ዓመት የተማርኩት ይሄንን ነው። ነገ እሄዳለሁ።»

«የመንደር ሐኪም ምን ያውቃል አላሉዎትም?»

«ብለውኛል። ከነሱ ሌላ ሰው እንዳላማክርም መክረውኛል።»

የሽማግሌ ነገር በቀጥታ ሲገፉት እንደ ግንብ ይቆማል። ስለዚህ ዴሊያ እጃቸውን ይዛ ወደ እናቷ ኮመዲኖ ወሰደቻቸው።

«ይሄን የቅድመ አያቴ እናት ለሰርጓ ያሠራችው ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል። በእርስዎ አፍ ከተነገረለት ጥሩ ያወጣል፤ እናቴም ደስ ይላታል። እንዲህ ብለው ይመዝግቡልኝ።»

አቶ ኦሪን ሳያስቡት ጎንበስ አሉ። የላይኛውን መሳቢያ ሳቡና ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን በሳንቃው ሥር አስኬዱ፤ ጥጉ ላይ ሳንቃዎቹ የተቆላለፉበትን ጥርስ አዩ፤ መሳቢያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው እንደገና አዩ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ሁለት መቶ ዓመት የለውም። በእጅ የተሰነጠቀ ሳንቃ የመጋዙ ምልክት ቀጥ ያለ ነው፤ ይሄ ቅስት ቅስት ነው፤ የማሽን መጋዝ ነው። ጥርሶቹም አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ መቶ ዓመት ቢሞላው ነው። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ያገለግላል፤ ግን እናትሽ የነገረችሽ ነገር አይደለም።»

ዴሊያ ቀላች። በእርግጥ አምናበት ነበር፤ ልጅ ሆና ከኋላው ተደብቃ የተጫወተችበት ነውና ልቧ ተሰበረ። ትንሽ ቆይታ ግን ሳቀች።

«አጎቴ፣ ይሄን ባይነግሩኝ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ እርስዎም ከፍ አድርገው ይሸጡት ነበር። ለምን ነገሩኝ?»

«ታዲያ ልዋሽሽ ነው? ነገ አንዱ ገልብጦ ቢያየው ማን ያምነኛል?»

«ዶክተር ናዶም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ደስ የማይል ነገር ነው የነገረዎት። ጊዜ ይወስዳል አለ፤ ፍጹም ትድናለህ ብሎ አልማለም። ክኒኑም ይበቃል አለ፤ ይሄንን ማለቱ ምንም አይጠቅመውም። እነዚያኞቹ ግን እኔን ብቻ እመን፣ መሳቢያውንም አትሳብ ነው የሚሉት። እንዲህ የሚል ሻጭ ሲመጣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ነገሩ አቶ ኦሪን ሆድ ገብቷል፤ ኩራታቸው ግን እሺ አላላቸውም።

«እና በዚህ በሽታ ወራት የሚማቅቁት ሰዎች ውሸታም ናቸው ልትይኝ ነው?»

«እንደሱ አልወጣኝም። ክኒኑን ከጨረሱም በኋላ ድካሙና ሕመሙ የማይለቃቸው አሉ፤ እውነተኛ ሕመም ነው። እነሱ የሚያስፈልጋቸው የሚያዳምጣቸው፣ ሌላም ምክንያት ካለ የሚፈልግላቸው ሐኪም ነው። ረጅሙ መድኃኒት ግን በብዙ ሰው ላይ ተሞክሯል፤ ከአጭሩ የበለጠ አልጠቀመም። በደም ሥር የሚገባው ቱቦ ደግሞ ኢንፌክሽን አምጥቶ ሰው የገደለበት ጊዜ አለ። እኔን አይመኑኝ። ራስዎ ይጠይቁ። ስልኩ ያው ግድግዳው ላይ ነው።»

አቶ ኦሪን ስልኩ ዘንድ ሄዱ። ቃላቸው እንዲሰማ ብለው የተንጠለጠለውን ከንፈራቸውን በጣታቸው ደግፈው፣ ለክሊኒኩ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ ጥያቄውን ዴሊያ አልነገረቻቸውም፣ ከሙያቸው የመጣ ነው።

«ለምርመራ ከሚመጣላችሁ ሰው ስንቱን ነው ይሄ በሽታ የለብህም ብላችሁ የምትመልሱት?»

ሰሙ። አመስግነው ዘጉ። ወደ ዴሊያ ሲመለሱ ትከሻቸው ወርዶ ነበር።

«እኛ ዘንድ የመጣ ሁሉ አለበት ይላሉ። አንድም ሰው መልሰው አያውቁም።» ኮታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አርባ አንድ ዓመት ዕቃ ገምቻለሁ፤ ከአሥር ሣጥን ዘጠኙን ተራ ነው ብዬ ነው የምመልሰው። ሁሉንም የከበረ ነው የሚል ሰው ገማች አይደለም። ልታለል ነበር፣ ዴሊያ። ስለፈራሁ ነው። አፌ ካልተመለሰ እኔ ምንድነኝ ብዬ ነው የፈራሁት።»

ይህን ሲሉ ደህናውም ዓይናቸው አለቀሰ። ዴሊያ ከማዕድ ቤቱ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ አመጣችላቸው።

«በወተት አይውሰዱት፣ ኃይሉን ያሳጣዋል። ከዋጡም በኋላ ጋደም እንዳይሉ። ክኒኑን ሲወስዱ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥልዎታልና ባርኔጣ ያድርጉ። ዓይንዎን ማታ ማታ በፕላስተር ያሽጉት፣ ቀን ጠብታ። የልብዎ ምት ከተዛባ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሆስፒታል። የቀረውን ናዶን ይጠይቁት፤ ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ቢሆን ኖሮ ሌላ እንዲፈልጉ እኔው እነግርዎ ነበር።»

አቶ ኦሪን ከረጢቱን ቀደው፣ ክኒኑን ዋጡ። ውኃው በግራ ጎን ፈሶ ሸሚዛቸውን አራሰው። ይህን ጊዜ መሐረባቸውን አላወጡም።

በነሐሴ መጨረሻ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ኦሪን ክኒናቸውን ካገባደዱ ሳምንት አልፏል፤ ዓይናቸው ይከደናል፤ የከንፈራቸው የግራ ጫፍ ብቻ ከቀኙ ትንሽ ዘግየት ይላል። ቆመው ሕዝቡን አዩና ከጨረታው በፊት እግራቸውን ወንበር ላይ አውጥተው ካልሲያቸውን አሳዩ፤ ሱሪያቸው ካልሲ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ሣር ውስጥ የምትገቡ፣ እንዲህ አድርጉ» አሉ። «ማታ ቤት ስትገቡ እግራችሁን፣ ብብታችሁን፣ የጉልበታችሁን ኋላ እዩ። ቀይ ነገር ሲሰፋ ያያችሁ ሸረሪት ነው አትበሉ፤ በጊዜው ለሐኪም አሳዩ። ሐኪም ስትመርጡም እንደዚህ አዳራሽ ዕቃ ምረጡ፤ አገላብጡ፣ ጠይቁ። ሲጠየቅ የሚደሰተውን ያዙ።»

የመጨረሻው ዕቃ የዴሊያ እናት ኮመዲኖ ነበር። አቶ ኦሪን መሳቢያውን ሳቡና ለሕዝቡ ገለበጡት።

«የዴሊያ እናት ተረት ሁለት መቶ ዓመት ነው ይላል» አሉ። «እኔ አንድ መቶ ነው እላለሁ። መጥታችሁ እዩት።»

ማንም ለማየት አልተነሳም፤ የእርሳቸው ቃል በቅቷቸዋል። ከፊት እስከ ኋላ እጅ ብቻ ወጣ፣ ደግሞም ወጣ፤ አቶ ኦሪንም ቁጥሩን እያከታተሉ፣ አንዱንም ሳይስቱ፣ እስከ መጨረሻው ጠሩት።