አንዱን ማሽን ሦስት ጊዜ የመረቁት ወንድሜ

ታላቅ እህታቸውን በሸንጎ ያዋረዱ፣ አሥራ አንድ ልብስ አጣቢዎችን ያለ ጥፋታቸው ከሥራ ያባረሩ ሰው እኚህ በፊታችን የተጋደሙት ታናሽ ወንድሜ ናቸው። በሕይወት ሳሉ አንተ ስላቸው ኖሬአለሁ፤ አፍንጫቸውን የጠረግሁላቸው እኔ ነኝና። ዛሬ ግን ወጉ አንቱ በሉ ስለሚል አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከሞተ ሰው ጋር በማዕረግ አልጣላም። ከቢሯቸው ተጽፎ የተሰጠኝ አምስት ገጽ እነሆ በእጄ አለ፤ አላነበውም። የማነበው ራሴ የጻፍሁትን ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

ወንድሜ ከአናጢ አባታችንና የሰው ልብስ እያጠቡ ካሳደጉን እናታችን ተወለዱ። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው እናታችን ስላረፉ እኔ ከሁለተኛ ክፍል ወጥቼ የእናቴን ገንዳ ወረስሁ፤ እርሳቸውም ለትምህርት ሲደርሱ የእኔን ደብተር ወረሱ፤ ያልተጻፈበት ገጽ ብዙ ነበረውና። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ይህን የምክድ ሴት አይደለሁም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የዕለቱን ትምህርት ያነቡልኝ ነበር፤ እኔም በሳሙና እጄ ገጹን እንዳልነካ ከሩቅ እሰማቸው ነበር። የክፍል አለቃ ሆነው የረባሽ ስም ሲመዘግቡ ግን፣ ስንት ጊዜ ቢረብሹ የራሳቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ ጽፈው አያውቁም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በጤና ረዳትነት ተቀጠሩ፤ መድኃኒት ቤት ትሠራ የነበረችውን ባለቤታቸውንም አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች ወለዱ። አፋቸው ማር ስለነበረ ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊ ሆኑ። ማመልከቻ ሲቀርብላቸው ከዳር “ይታይ” ብለው ይፈርማሉ፤ ማን እንደሚያየው ግን አይጽፉም። ሠራተኛው በሌሉበት “አቶ ይታይ” የሚላቸው ስለዚህ ነበር፤ ሳቃችሁን አትዋጡ፣ ሁላችሁም ብላችኋል።

እኔ በዚያን ጊዜ በሆስፒታሉ የአጣቢዎች አለቃ ነበርሁ። አንሶላውን የምንቀቅለው በጓሮ፣ በእንጨት እሳት ላይ በተጣዱ ሦስት በርሜሎች ነበር። አንድ ቀን ልብስ የሚቀቅል ታላቅ ማሽን በጭነት መኪና መጣ፤ ጢሱ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ተብሎ ምድጃችን ፈረሰ፣ በርሜሎቹም ተወሰዱ። ወንድሜ ሪባኑን ቆረጡ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ። ቀጥሎ የመረከቢያ ወረቀት ቀረበና፣ “እትዬ፣ ቶሎ ፈርሚ፣ እንግዶቹ ቸኩለዋል” አሉኝ። አንዲት አጣቢ ጓደኛዬ ከጀርባዬ ልብሴን ጎተት አድርጋ፣ “ኧረ ቧንቧው እንኳ አልተገጠመም፣ ምኑን ነው የምትረከቢው?” አለችኝ። አልሰማኋትም። በአርባ ሁለት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ከልጅነቴ የጠፋኝን ፊደል መልሼ ስሜን መጻፍ ተምሬ ነበርና፣ በዚያ ሁሉ ባለሥልጣን ፊት የአውራ ጣት ቀለም ሳልነካ በትልልቁ ጽፌ ፈረምሁ። ወንድሜም “እዩዋት እህቴን!” ብለው ተኩራሩብኝ፤ እኔም ኮራሁ። ኩራቴ ያን ዕለት በልታኛለች፤ እርሷን በማንም አላሳብብም።

በሦስተኛው ቀን ያው መኪና መጥቶ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። በሌላ ከተማ ሆስፒታል ተመረቀ፤ ከዚያም ተነቅሎ በሦስተኛው ተመረቀ። አንዱን ሙሽራ ሦስት ቤት መዳር ማለት ይህ ነው። እኛ ማሽንም ምድጃም አጥተን በቀዝቃዛ ውኃና በበረኪና ስናጥብ ከረምን፤ ሦስት ጊዜ ጻፍንላቸው፤ ሦስቱም ጊዜ ከዳሩ “ይታይ” ተብሎበት ተመለሰልን። በክረምቱ ከማዋለጃው ክፍል አራት እናቶች በትኩሳት ሞቱ።

ወንድሜም በምክር ቤቱ ቆመው፣ የእኔን ፊርማ ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ “መንግሥት ማሽን አቅርቧል፤ ሰነፎች አልቀቀሉም፤ ዘመዴም ብትሆን አልምርም” አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አሥራ አንዳችን በአንድ ደብዳቤ ተባረርን፤ ወንድሜ ለዘመድ የማያዳሉ ተብለው የክልሉ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከጓደኞቼ አንዲቱን በሰፈሯ “ገዳይ” እያሉ ልጆች ድንጋይ ወረወሩባት፤ የሌላዋ ልጅ ታጭታ ሳለ ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን አጠፉ። እኔን “ወንድሟ እንኳ ያልማራት” ይሉኝ ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት አንገቴን ሳልደፋ በዚያ መንገድ ተመላለስሁ።

በመጨረሻ ጉበታቸው ታመመና በዚያው ሆስፒታል ተኙ። ልጠይቃቸው በገባሁ ጊዜ ነርሷን ይዘው፣ “አንሶላው ተቀቅሏል ወይ?” ይሏት ነበር። “አይዞህ፣ አሁን ማሽን አለ፤ አንተ ከቢሮው ከለቀቅህ በኋላ መጣ” አልኋቸው። ዐይናቸውን ከደኑ። “እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አሉ። “እኔን ተወኝ፤ እኔ ሥጋህ ነኝ። አሥሩን ጓደኞቼን ጥራና በሰው ፊት ተናገር” ብላቸው፣ “ትንሽ ሲሻለኝ” አሉኝ። አልተሻላቸውም፤ ባለፈው ሰኞ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቢሯቸው ሰዎች ታላቅ ነሽና አንቺ አንብቢ ብለው ያን አምስት ገጽ አመጡልኝ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ለሦስት ሆስፒታሎች ሦስት ማሽኖች አቀረቡ ይላል። ይህ ተነብቦ እርሳቸው ቢቀበሩ እኛም አብረን ተቀበርን ማለት ነው። ስለዚህ በሬሳው ፊት እናገራለሁ፤ ማሽኑ አንድ ነበር፣ እኛ ዘንድ ሦስት ቀን ብቻ ቆየ፣ አጣቢዎቹ አልበደሉም። ፊርማው የእኔ ነው፤ ውሸቱ የእርሳቸው ነው።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ልጆቼ፣ ይህ ለእናንተ መራራ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ከባዕድ አፍ ከምትሰሙት ከአክስታችሁ ይሻላል። ፈጣሪ ለወንድሜ ነፍስ ዕረፍት ይስጥልኝ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ፣ በአሥሩ ስም ግን ይቅር ማለት አልችልም፤ ለእነርሱ ወንድሜ ራሳቸው መልስ ይስጡ። ከአሥሩ አምስቱ በሕይወት አሉ።

ዛሬ ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ እዚህ መጣሁ። ከፊት በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተለጠፉትን የክቡራን ስሞች አንድ በአንድ አንብቤ አምስቱን ገነጠልሁ፣ ከዚያም አምስቱን አጣቢዎች በየቤታቸው ሄጄ አመጣኋቸውና በገዛ እጄ አስቀመጥኋቸው።